የኖርዌይ ፊዮርዶችና ደሴቶች፦ የቱ ከዋጋው በላይ ነው፣ የቱስ ወሬ ብቻ?

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበለው። ኖርዌይ ውስጥ ኪስ የሚያራቁተው አልጋው፣ ምግቡና «ጉብኝት» ተብሎ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ነገር ነው። ተራራው፣ ፏፏቴውና ባሕሩ ነጻ ናቸው። እነሱ ጋ የሚያደርሰው ባቡርና ፌሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አገሬው ለሥራ፣ ለትምህርትና ለዘመድ ጥየቃ የሚሳፈርበት ተራ ትራንስፖርት ነው። ይቺን የያዘ ሰው ከሌላው ባነሰ ወጪ የተሻለ እረፍት ያሳልፋል።

የምኖረው ኦስሎ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም ዘመድና ወዳጅ ይመጣል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ያሳየኛል፦ ገደል ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ የተቀመጠ ሰው፣ ወይም ውሃ ዳር የተደረደሩ ቀያይ ቤቶች፣ ወይም አረንጓዴ ብርሃን የሚጨፍርበት ሰማይ። ቀጥሎ «እዚህ መሄድ አለብኝ፣ ግን እንዳልከስር» ይላል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳት እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከባቡሩ ልጀምር። ከኦስሎ በርገን የሚወስደው መስመር በ1909 የተከፈተ ሲሆን ጉዞው ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ደን፣ ሐይቅና ቀይ የተቀባ የእንጨት ጎተራ ናቸው። ደስ ይላል፤ ብትተኙበትም ግን ብዙ አይቀርባችሁም። ነገሩ የሚለወጠው ያይሎ የምትባለውን ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ነው። ዛፍ ያልቃል። ድንጋይ፣ ውሃና በረዶ ብቻ ይቀራል። ፊንሰ የሚባለው ጣቢያ 1,222 ሜትር ላይ ነው፤ ከአገሪቱ የባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው። የመኪና መንገድ የለውም። ሰው የሚደርስበት በባቡር፣ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በበረዶ ሸርተቴ ነው። 1,222 ሜትር ለእኛ ምን ይደንቃል? የድሬዳዋ ከፍታ ገደማ ነው። ድሬ በሰኔ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ እዚህ በዚያው ወር በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀም።

ለዚህ ባቡር ከአሥር ዘጠኝ ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ፎቶ ላነሳ ስል ዋሻ ውስጥ ስለሚገባብኝ ነው። ትኬቱን ከወራት በፊት የገዛ ሰው በጣም ባነሰ ዋጋ ይሄዳል። በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛ ግን ዋጋውን አይቶ የአውሮፕላን ትኬት ማየት ይጀምራል።

መንገድ ላይ ሚርዳል የሚባል ጣቢያ አለ። ዝነኛው የፍሎም ባቡር የሚነሳው ከዚህ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ867 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል፣ 20 ዋሻ ያልፋል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሥራው በ1920ዎቹ ተጀምሮ ባቡር የሄደበት በ1940 ነው፤ አብዛኞቹ ዋሻዎች በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ በየ18 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወርዳል። ለተራ ሀዲድ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሾስፎሰን የሚባለው ፏፏቴ ጋ ባቡሩ ይቆምና ሰው ሁሉ ግር ብሎ ይወርዳል። የውሃው ብናኝ ፊት ላይ ይረጫል፣ የስልክ ካሜራ ወዲያው ይደበዝዛል፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚላችሁ አይሰማም። በቱሪስት ወቅት ከሆነ ድንገት ሙዚቃ ከድምፅ ማጉያ ይለቀቅና ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከፏፏቴው አጠገብ ብቅ ትላለች። ትወዛወዛለች፣ ትሰወራለች፣ ትንሽ ቆይታ ሌላ ድንጋይ ላይ ትታያለች። ሁልድራ ይሏታል፤ በአገሩ ተረት ወንድ አማልላ ይዛ የምትጠፋ የጫካ ፍጡር ናት። ልጆች ይወዱታል። ለእኔ ፏፏቴው ብቻውን በበቃኝ ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ ተሳፈሩ ይባላል፣ ሁሉም ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሶ ይገባል።

ታዲያ ዋጋው ተገቢ ነው? ከርቀቱ አንጻር ይቆጠቁጣል። ከልጆች ወይም ከእናት አባት ጋር ከሆናችሁ ክፈሉና ግቡ፣ አትቆጩም። እግራችሁ ደህና ከሆነ ግን አንድ ምሥጢር አለ፦ ሚርዳል ላይ ወርዳችሁ ወደ ፍሎም በእግር መውረድ ይቻላል። መንገዱ ድሮ የባቡር መስመሩን የሠሩት ሠራተኞች የሚመላለሱበት ነው፤ አሁን የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ተራራው ጥግ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቁልቁለት አለ፣ ከዚያ በኋላ ወንዙን ተከትሎ ረጋ ብሎ ይወርዳል። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ነጻ ነው፣ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሆኖ የሚያልፋቸውን ፏፏቴዎች እናንተ ፊት ለፊት ታያላችሁ። ፍየሎች መንገዱ መሃል ተኝተው አልነሳም ይላሉ። በረዶው ገና ካልቀለጠ ግን አትሞክሩት።

ፍሎም መንደሯ ራሷ፣ እውነት ለመናገር፣ ማደሪያ አይደለችም። ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት ቦታ ናት፣ ከዚያ አንድ ሕንጻ የሚያህል የመዝናኛ መርከብ ይመጣና በአንድ ጠዋት ሺህ ሰው ይዘረግፍባታል። ሱቁ ሁሉ የትሮል (የአገሩ ተረት ጭራቅ) አሻንጉሊትና የሱፍ ሹራብ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ምግብ ቤት ለብ ያለ የዓሣ ሾርባ በወርቅ ዋጋ ሸጦልኛል፤ ዳቦውም ለብቻው ይከፈልበታል። እኔ ማደሪያ የምይዘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ ባለችው አውርላንድ ነው። ሱፐርማርኬት አላት፣ አግዳሚ ወንበር አላት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከወንዙ በቀር ድምፅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፦ ከፍሎም ጉድቫንገን የሚሄደው ጀልባ። ኖርዌይ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የመክፈል አቅም ካላችሁ ይህን ክፈሉ።

ፊዮርድ ማለት፣ ለማያውቀው፣ በጥንት ጊዜ ግግር በረዶ ሸለቆውን ፍቆ ፍቆ ካጎደጎደው በኋላ ባሕር የገባበት ነው። ስለዚህ ሐይቅ የሚመስለው ውሃ ጨዋማ ነው፣ ማዕበልም ይሄድበታል፣ አንዳንዴም ዓሣ ነባሪ ተሳስቶ ይገባበታል። እዚህ ያሉት ቅርንጫፎች ሁሉ የሶግነፊዮርድ ልጆች ናቸው፤ እሱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። ጀልባው መጀመሪያ አውርላንድስፊዮርድን ይዞ ይሄዳል። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፍና ኔሮይፊዮርድ ይገባል። ያኔ የመርከቡ ወሬ ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

17 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ በጠበበበት ቦታ ስፋቱ 250 ሜትር ብቻ ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። ቀና ብላችሁ ስታዩ አንገት ያማል። ከላይ የሚወርደው ውሃ አንዳንዱ ከቅጥነቱ የተነሳ መሬት ሳይደርስ ንፋስ ይበትነዋል። ገደሉ ሥር፣ ሰው አይኖርበትም በምትሉት ቦታ፣ ሦስት አራት ቤት፣ አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያንና የታጨደ ሣር ታያላችሁ። በ2005 ከጋይራንገርፊዮርድ ጋር አብሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጀልባው ራሱ ጥሩ ሥራ ነው። ከ2018 ጀምሮ በዚህ መስመር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መርከብ አለ፤ 400 ሰው ይይዛል። የሞተር ጩኸት የለም፣ የናፍጣ ሽታ የለም፤ ፏፏቴ አጠገብ ቀረብ ሲል የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። የመርከቡ ውጭ ደግሞ የተራራ መንገድ እንዲመስል ታስቦ በተዳፋት እየተጠማዘዘ እስከ ላይ የሚያወጣ መሄጃ አለው፤ ጋሪ የያዘ ሰው እንኳ ላይ ይደርሳል። የመንደሩ የኤሌክትሪክ መስመር ለእንዲህ ዓይነት መርከብ አቅም ስለሌለው ጉድቫንገን ላይ ተንሳፋፊ የባትሪ መድረክ ሠርተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይሞላና መርከቡ ሲመጣ በአንዴ ይሰጠዋል። ለመሐንዲስ ጓደኛዬ ከፊዮርዱ ይልቅ የደነቀው ይህ ነበር። የራሱ ጉዳይ።

አንድ ምክር ብቻ፦ ውስጥ አትቀመጡ። በነሐሴም ቢሆን ውሃው ላይ ያለው ንፋስ አጥንት ይገባል፤ ብዙ ሰው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሮጦ ገብቶ ሻይ ይይዛል። ኮፍያና ጃኬት የያዘ ያኔ የመርከቡን አፍንጫ ለብቻው ይወርሳል። ነጥብ፦ አሥር ከአሥር።

ስለ ጥቅል ትኬቱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የኦስሎውን ባቡር፣ የፍሎሙን ባቡር፣ ጀልባውን፣ ከጉድቫንገን ቮስ የሚሄደውን አውቶቡስና የበርገኑን ባቡር አንድ ላይ አስረው የሚሸጡት አለ። አስጎብኚ የለውም፣ ቡድን የለውም፤ የምትሳፈሩት ማንም በሚሳፈርበት ባቡርና ጀልባ ነው። የምትከፍሉት ሰዓቱን ስላገጣጠመላችሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ ትኬት መግዛት የሚያስጨንቀው ሰው ይግዛው፣ መጥፎ አይደለም። ትንሽ ትዕግሥት ያለው ግን ለየብቻ ገዝቶ ሊያተርፍ ይችላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የፈለገበት ቦታ ያድራል። በአንድ ቀን ከኦስሎ ተነስቶ ይህን ሁሉ ዞሮ ማታ በርገን መግባት ይቻላል፤ ይቻላል ማለት ግን ይደረግ ማለት አይደለም። ጠዋት ማልዶ ተነስቶ ማታ ፍራሽ ላይ ዘጭ የሚል ሰው ያየው ሰዓቱን ነው።

እዚያው አካባቢ ኡንድሬዳልን ሳታዩ እንዳትመለሱ። እስከ 1988 ድረስ በጀልባ ብቻ የሚገባባት መንደር ነበረች። አሁንም ከሰው ይልቅ ፍየል ይበዛባታል። ከፍየል ወተት የሚሠሩት ቡናማ አይብ አለ፤ ጣፋጭ ነው፣ እንደ ካራሜላ አፍ ላይ ይጣበቃል፣ ወይ ትወዱታላችሁ ወይ ሁለተኛ አትነኩትም። መንደሯ ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለች። አርባ ሰው ያህል ብቻ ነው የምትይዘው። የአገራችን ሰው ገብቶ ዝም የሚለው እዚህ ነው፤ ላሊበላ ላይ ድንጋይ በተፈለፈለበት ክፍለ ዘመን እዚህ ደግሞ ከጥድ ግንድ ቆርጠው ቤተ መቅደስ አቁመዋል፣ እንጨቱም እስካሁን ቆሟል። ትልቁንና በጣሪያው ላይ የዘንዶ ራስ የተቀረጸበትን ማየት የፈለገ ወደ ቦርጉንድ ይሂድ። ወደዚያ ሲኬድ የሌርዳል ዋሻ ይታለፋል፤ 24.5 ኪሎ ሜትር የሆነ የመኪና ዋሻ ነው፣ በ2000 የተከፈተ፣ በዓለም ረጅሙ። ሹፌር እንዳያንቀላፋ መሃል መሃሉ ላይ ሰፋ ያሉ አዳራሾች ሠርተው ሰማያዊ መብራት አብርተውባቸዋል። ልጆች እስኪደርሱ ይቆጥራሉ። እኔ ዋሻ ስለማልወድ ላብ ያጠምቀኛል።

ጋይራንገር ላይ ብዙ አልቆይም። ያምራል፣ ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉት ፏፏቴዎች በግንቦትና በሰኔ በረዶው ሲቀልጥ ልብ ይሰርቃሉ፤ በነሐሴ መጨረሻ ግን ከሰባቱ አንዳንዶቹ ቀጥነው ቀጥነው ሊጠፉ ይደርሳሉ፣ ፖስተሩ ላይ ያለውን ጠብቆ የሄደ ያዝናል። ከጎኑ ካለው ፊዮርድ በላይ ኦክነስ የሚባል ተራራ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ ከወደቀ ማዕበል ስለሚያስነሳ ቀን ከሌት በመሣሪያ ይከታተሉታል። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራ አይደለም፣ መንደሩ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ምልክት ስታዩ እንዳትደነግጡ ነው። ከኦስሎ ሩቅ ነው፣ መኪና ይፈልጋል። ኔሮይፊዮርድን ያየ ሰው ጋይራንገር ቢቀርበት ምንም አይል።

እግር ማንጠልጠያው ፎቶ ፕሬኬስቶለን ነው። ስታቫንገር አጠገብ፣ ከሊሰፊዮርድ 604 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ። አጥር የለውም። አዎ፣ ምንም አጥር የለውም፤ ኖርዌጂያኖች ገደል ገደል መሆኑን ሰው ያውቃል ብለው ነው የሚያስቡት። ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ አራት ሰዓት መድቡ። ዳገቱ ላይ ያለውን የድንጋይ ደረጃ የሠሩት ከኔፓል የመጡ ሼርፓዎች ናቸው፤ ድንጋዩን እንዴት እንዳስቀመጡት ስታዩ ባለሙያ የነካው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። እኩለ ቀን ላይ ግን መርካቶ ነው። በሰኔና በሐምሌ ብርሃን እስከ ምሽት ስለሚቆይ ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ ተነሱ፣ የምትወጡት ሌላው ሲወርድ ነው። ቆሎ ያዙ። በሶም። ወረፋ ላይ ቸኮሌት የሚያኝከው ፈረንጅ ዓይኑ በሶው ላይ ሲንከራተት ማየት ራሱ አንድ ጉብኝት ነው።

ትሮልቱንጋ፣ ያ ምላስ የመሰለው ድንጋይ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ከታች ከተነሳችሁ ደርሶ መልስ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያን ሁሉ ሄዳችሁ ደግሞ ለፎቶ ትሰለፋላችሁ። ፎቶው ላይ ብቻውን የሚመስለው ሰው ከኋላው ወረፋ አለ። ለእግር ጉዞ የተፈጠረ ሰው ይሂድ፤ መልክዓ ምድሩ በእርግጥ ያስደንቃል። ጂንስና ስኒከር ለብሶ «እንሞክረው» የሚል ግን እባካችሁ ይቅርበት፤ በየዓመቱ ሰው ከዚያ የሚያወርዱት በጎ ፈቃደኞች እንቅልፍ ያምራቸዋል።

ሎፎተን የእኔ ድካም ነው። ገለልተኛ ሆኜ መጻፍ አልችልም።

ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለ የደሴቶች ሰንሰለት ነው። ተራራው ከባሕሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሥሩ ላይ ቀያይ የዓሣ አጥማጅ ጎጆዎች በእንጨት ምሰሶ ላይ ቆመዋል፣ ከኋላው ነጭ አሸዋ ያለው ባሕር ዳርቻ። ሞምባሳ ይመስላል እስክትነኩት ድረስ። ከዚያ እግራችሁ ይደነዝዛል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሳ አትጠልቅም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ታያላችሁ። የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ያላመጣ ሰው በሦስተኛው ቀን ይነጫነጫል።

ግን እኔን የሚስበኝ ዓሣው ነው። በፈረንጆቹ ክረምት ኮድ የሚባለው ዓሣ ለመራባት ከባሬንትስ ባሕር ወደዚህ ይመጣል። ያጠምዱትና አንገቱን ቆርጠው፣ ሁለት ሁለቱን በጭራው አስረው፣ ቤት በሚያክል የእንጨት ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል። ጨው የለም፣ ጭስ የለም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ቅዝቃዜውና ንፋሱ ብቻ እንጨት እስኪመስል ያደርቁታል። ምላሱን የሚቆርጡት ልጆች ናቸው፤ ከትምህርት በኋላ እየመጡ በቢላ ይቆርጣሉ፣ ራሳቸው ሸጠው ገንዘቡን ለራሳቸው ይይዛሉ፤ እዚያ አካባቢ የተለመደ የልጅ ሥራ ነው። ከዚያ የደረቀው ሥጋ በአብዛኛው ጣሊያን ይሄዳል፣ ራሱ ደግሞ ናይጄሪያ። አዎ፣ የሌጎስ ሾርባ ውስጥ የሚገባው የዓሣ ጭንቅላት ከዚህ ቆጥ የወረደ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ከሄዳችሁ ቆጡ ሙሉ ነው፣ መንደሩም በጠረኑ ይታወቃል። ልብስ ላይ ይቀራል፣ አስጠንቅቄያለሁ።

ሬይነ ከሚባለው መንደር በላይ ሬይነብሪንገን የሚባል 448 ሜትር ተራራ አለ። እዚህም ሼርፓዎች ወደ 2,000 የሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ ሠርተዋል። ጉልበት ይፈታል፣ ላይ ሲደርሱ ግን ያ ፖስትካርድ ከእግራችሁ ሥር ነው። እዚያ ለመድረስ ቡዶ ድረስ በአውሮፕላን ወይም በባቡር፣ ከዚያ ፌሪ ወደ ሞስከነስ፤ ፌሪው ሦስት አራት ሰዓት ነው፣ ባሕሩ ከተናወጠ ሆድ አይችለውም። ማደሪያው ውድ ነው። በጣም ውድ። ለዚህ ግን መፍትሔ አለ።

በኖርዌይ ከ1957 ጀምሮ በሕግ የተጻፈ መብት አለ፦ ያልታረሰና ያልታጠረ መሬት ላይ ማንም ሰው መሄድና ድንኳን መትከል ይችላል፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር እስከራቀ ድረስ፤ ከሁለት ሌሊት በላይ ለመቆየት ደግሞ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ለእኛ ሰው ይህን ማሳመን ከባድ ነው። «ፖሊስ ቢመጣስ?» ይላሉ። አይመጣም፤ ቢመጣም «ደህና እደሩ» ነው የሚላችሁ። ሎፎተን ላይ ግን ሰው ስለበዛ በአንዳንድ ቦታ ድንኳን ተከልክሏል፣ ምልክቱን አንብቡ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ተራራ ላይ ደግሞ የአገሪቱ የእግር ተጓዦች ማኅበር ጎጆዎች አሉ፤ ማኅበሩ ከ1868 ጀምሮ ያለ ነው። አንዳንዶቹ ጎጆዎች ጠባቂ የላቸውም፤ አባል ሆናችሁ ቁልፍ ትይዛላችሁ፣ ገብታችሁ እንጨት ታነዳላችሁ፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ፓስታና የታሸገ ሾርባ ትበላላችሁ፣ የበላችሁትን ራሳችሁ መዝግባችሁ ትከፍላላችሁ። ቁጥጥር የለም። መጀመሪያ የሰማ ሁሉ «ማን ይከፍላል?» ብሎ ይስቃል፣ ከዚያ አንድ ጣሳ አናናስ በልቶ በጥንቃቄ ሲመዘግብ ታገኙታላችሁ።

የሰሜን ብርሃን፣ ያን ሰማይ ላይ የሚጨፍረውን አረንጓዴ ብርሃን፣ ለማየት ትሮምሶ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ዋስትና የሚባል ነገር የለም። ከመስከረም እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው ወቅቱ፤ በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ስለማይጨልም አይታይም። ጠላቱ ብርዱ ሳይሆን ደመና ነው። አንድ አስጎብኚ፣ ስሙን ልተወው፣ ሰማዩ ድፍን ብሎ የዋለ ቀን አውቶቡሱን ሞልቶ ወሰደን፤ ሌሊቱን በረዶ ውስጥ ቆመን ቅራሪ ሾርባ ጠጥተን፣ ብስኩት በልተን ተመለስን። ደህናዎቹ አስጎብኚዎች ደመና የሌለበትን አቅጣጫ ተከትለው እስከ ፊንላንድ ድንበር ድረስ ይነዳሉ። ስለዚህ ስትገዙ የምትጠይቁት ጥያቄ «ሾርባ አለው ወይ?» ሳይሆን «ምን ያህል ርቀት ትሄዳላችሁ?» ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ ምንም አትክፈሉ። ከከተማው በላይ ፕረስትቫነት የሚባለው ሐይቅ ጋ በእግር ወጥታችሁ ቁሙ። የመጀመሪያው ነገር ግራጫ ደመና ይመስላል፣ ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል። ከዚያ ይንቀሳቀሳል።

ስለ ምግብ አጭር ነገር። ሱፐርማርኬት ገብቶ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶና ሰርዲን የሚገዛ ሰው በኖርዌይ ደህና ይኖራል። የቧንቧ ውሃው ከየትኛውም የፕላስቲክ ውሃ ይሻላል፣ ውሃ አትግዙ። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ያልገዛ ነዳጅ ማደያ ላይ ትኩስ ቋሊማ ይበላል። ፍልሰታ በነሐሴ ሲገባ ልክ የቱሪስቱ ወቅት ላይ ይውላልና ጿሚዎች ተዘጋጁ፤ መንደሮቹ ውስጥ የጾም ምግብ ማለት ብዙ ጊዜ የድንች ጥብስ ነው። ኦስሎ ላይ ግሮንላንድ የሚባለው ሰፈር የአበሻ ሱቆች አሉ፤ እንጀራና ሽሮ ከዚያ ይዛችሁ ውጡ፣ ድርቆሽ ደግሞ ከእናት ቤት። ቡና ሁሉም ቦታ አለ፤ ቀጭን ነው፣ በትልቅ ኩባያ ነው፣ ግን ጥሩ ካፌ ውስጥ ከረጢቱን ገልብጡና አንብቡ፣ ይርጋጨፌ ወይም ጉጂ የሚል ማግኘት ብርቅ አይደለም።

በርገን ዝናብ ናት። በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንብባታል። ጃንጥላ ንፋሱ ይገለብጠዋል፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ግዙ፣ እዚያ ከመግዛት ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል። ዓሣ ገበያው ለፎቶ ነው እንጂ ለምሳ አይደለም።

ከአገር ቤት የምትመጡ አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ስቫልባርድ የምትባለውን የዋልታ ድብ ደሴት አይታችሁ ከቋመጣችሁ፣ የኖርዌይ ብትሆንም ከሸንገን ክልል ውጭ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የሄደ ሰው መመለሻ ላይ ይቸገራል፤ ሲያመለክቱ ሁለት ጊዜ መግቢያ ብሎ መጠየቅ ነው። የሎፎተን አልጋ ደግሞ ለሐምሌ ከሆነ በጥር መያዝ አለበት፣ በግንቦት ፈልጎ የተረፈውን የሚወስድ ሰው ዋጋው ሲነገረው እኔን እንዳይወቅስ።